የሳክሶኖች አቀባበር

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ኡርጂ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዳገቱ ብቻ ከዓመት ዓመት እየረዘመብኝ ሄዷል።

ደብዳቤዎን ወንድምዎ ነገሳ አምጥቶ ሰጠኝ። የእጅ ጽሕፈትዎ ከባለቤቴ ጽሕፈት ጋር ቁርጥ አንድ በመሆኑ ደነገጥኩና ሳልከፍተው ውዬ አደርኩ። መልሴም የዘገየው ለዚህ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ላይ ጆሮዬ አይሰማም ስላሉኝ በወረቀት እየጻፍኩ ፎቶውን በቴሌግራም እልክልዎታለሁ።

የጠየቁኝ ነገር እውነት ነው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ የሙስሊሞቹ መቃብር የታችኛው ረድፍ ይነሳል። እርስዎ ገመዳ የሚሉት ወንድምዎ፣ እኔ ነጅመዲን የምለው ባለቤቴ ያለው እዚያው ረድፍ ላይ ነው። ቤተሰብ ያለው አፅሙን አውጥቶ በአዲሱ ቦታ ያሳርፍ ተብለናል። ሩጫውን ሁሉ ወንድሜ ኢማድ ይዞታል። በአፅሙ ላይ የሚያዘው ማን ነው ላሉኝ፣ ፊርማው የሚስት ነው ብለውኛል።

ከእናታችሁ ከእማማ ዳርቱ ጎን ይረፍልኝ ማለትዎን ግን ለኢማድ አልነገርኩትም። እኔ ራሴም ገና እያሰብኩበት ነው። እምቢ ማለቴ እንዳይመስልዎት።

ስለ መርዶው ደግመው ስላነሱት እኔም ደግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በ2001 ዓ.ም. በዚያች ቀን ጠዋት ነፍሱ ወጥታ ከአሱር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ኢማድ «ቀብሩ ይለፍ፣ ሬሳ ላይ ጭቅጭቅ ይመጣል» አለኝ። እሺ፣ የዚያን ዕለቱ በዚህ ይታለፍ። ከዚያ በኋላ ሳልስቱም ሳምንቱም እስኪያልፍ መርዶውን ሳላስነግርዎት መቆየቴ ግን ምክንያት የለውም። አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የሚኖሩበትን ከተማ ስም ሳነብ ሌላም ነገር አስደነገጠኝ። እንደሚያውቁት ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቋረጥም ማንበብ አልተውኩም። ጥርዙ የለቀቀ የአውሮፓ ታሪክ በእንግሊዝኛ አለኝ፤ መዝገበ ቃላት ጎኔ አድርጌ አነበዋለሁ። የጀርመኗን ፈርደንን እዚያ አገኘኋት። ሻርለማኝ የሚባለው የፍራንኮች ንጉሥ፣ ሳክሶን የሚባሉትን አልጠመቅም ያሉ ሕዝቦች ሊያስገብር ሠላሳ ዓመት ሲዋጋ፣ አንድ ቀን እዚያ ከተማ አራት ሺህ አምስት መቶ ሰው አንገት አስቆረጠ ይላል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው የሚሉም አሉ። እውነት እርስዎ ያሉት እዚህ ቦታ ነው?

አክባሪዎ ዘሙሩድ


ፈርደን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዘሙሩድ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። አለቃዬ «ኡርጂ፣ ጡረታሽ አልደረሰም?» ትለኛለች፤ የአረጋውያኑን አንሶላ ከኔ ሌላ የሚያጥፍላት ብታገኝ ትናንት ነበር የምትሸኘኝ።

አዎ፣ ያች ከተማ ናት። ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በታች አለር የሚባለው ወንዝ ያልፋል። ከከተማው ወጣ ሲሉ በሁለቱም ወገን ድንጋይ የተደረደረበት የጫካ መንገድ አለ፤ ያንቺን ቁጥር ያህል ድንጋይ ነው አሉ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ በያንዳንዱ ሥር አንድ ሰው የተኛ መስሎኝ ነፍሳቸውን እንዳልረግጥ መሐል ለመሐል በጥንቃቄ ስሄድ፣ ክሪስታ የምትባል የሙዚየም ሠራተኛ አየችኝና ሳቀች። «ከሥሩ ትል እንጂ ሰው የለም» አለችኝ። ድንጋዮቹን የተከሏቸው የሂትለር ሰዎች ናቸው፣ ከየገበሬው ማሳ አስለቅመው። ለሳክሶኖቹ አዝነው እንዳይመስልሽ። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ለነበራቸው ጠብ ሙታን አስፈልጓቸው ነው። አሁን ቦታው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ወጣቶች ለጉባኤ ይመጡበታል፤ እኛም አንዳንድ እሑድ እንዘምርበታለን።

እውነተኞቹ ሳክሶኖች ያሉት ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። ቤት ሊሠራ መሬት ሲቆፈር መቃብር ወጣና ክሪስታ ወስዳ አሳየችኝ። የጥንቶቹ ሙታናቸውን አቃጥለው አመዱን በሸክላ ይቀብሩ ነበር። ቀጥለው የመጡት ራሳቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ተኝተዋል። ጥምቀት ከመጣ በኋላ ያሉት ደግሞ ራስጌያቸው በምዕራብ፣ እግራቸው በምሥራቅ፣ እንደኛው። ክሪስታ እንዳለችኝ ሰው ንጉሡን መፍራት የጀመረበት ዘመን ከአፈሩ ይነበባል። ሬሳ ያቃጠለ በሞት ይቀጣ፤ የተጠመቀም ሲሞት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ እንጂ አያቶቹ ወዳሉበት ጉብታ እንዳይወሰድ የሚል ሕግ ነበር።

አንዱን ሰው ግን ጉብታው ውስጥ አገኙት። አተኛኘቱ የክርስቲያን ነው፤ ወገኖቹ ግን ሕጉን ጥሰው ወደ አያቶቹ አምጥተውታል። «በድብቅ ይሆናል» አለች ክሪስታ። ዘሙሩድ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት መሐረብ ሰጠችኝ።

ገመዳን ስጪኝ። እናቴ በቀብሩ ዕለት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንደ ባዳ ከሩቅ ነው ያየችው። እኔ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው መርዶ ነጋሪዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሶፋዬ ላይ ተደርድረው የነገሩኝ። ይሄንን አንቺም አትረሺውም፣ እኔም አልረሳውም።

ኡርጂ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ኡርጂ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱ እንደማይቻል ነገሳ ነግሮኛል። እዚህም ዘንድሮ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ቆርቆሮ ያነሳል።

ከደብዳቤዎ ጋር በብጣሽ ወረቀት ለብቻው ጽፈውልኝ የነበረውን ጥያቄ አንብቤ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት። «ገመዳ ሲሰልም ፊቱ እንዴት ነበር?» ብለዋል። እዚያ ከነበርነው ሰዎች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ መመለስ ይገባኛል።

የመጽሐፉን ነገር ላስቀድም። ሳክሶኖቹ ዊዱኪንድ የሚባል አለቃ ነበራቸው። ለብዙ ዓመታት ሲዋጋ፣ ሲሸሽ፣ ተመልሶ ሲያስነሳ ኖረና በመጨረሻ ደክሞት እጁን ሰጠ። ወደ ፍራንኮች አገር ተወስዶ ሲጠመቅ ሻርለማኝ ራሱ የክርስትና አባት ሆነለት፤ ስጦታም ሰጠው። ሌሎቹ ሲጠመቁ የሚምሉት ቃልም እስከ ዛሬ ተጽፎ ተቀምጧል። የድሮ አማልክታቸውን በየስማቸው እየጠሩ «ትቻለሁ» ይላሉ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ግቢ ወጣሁ።

አባቴ ነጭ ጀለቢያ ገዝቶለት ነበር። ስሙንም ያወጣለት አባቴ ነው። ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ በደንብ ካለ በኋላ፣ ሼኹ «በቃ፣ ተፈጸመ» ሲሉ አባቴ አልበቃውም። «ያሳደገህን ቤት ትተሃል?» አለው። «ትቻለሁ።» «ጮክ በል።» ሃይማኖቱ ይሄን አያዝም፤ ሼኹም ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር። ነጅመዲን ጮክ ብሎ ደገመው። ፊቱን አላየሁትም። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ፤ ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት። «አባዬ፣ ተወው» የምትል ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ብላት ኖሮ ጋብቻው ይፈርሳል ብዬ ዋጥኳት።

እስከ ዛሬ የሳክሶኖቹን ታሪክ ሳነብ ለተሸነፉት ሳዝን ነበር። በዚያ ገጽ ላይ ግን ራሴን ያገኘሁት ከንጉሡ ቤት ነው።

ስለዚህ ይውሰዱት። ከእናታችሁ ጎን ይረፍ። ኢማድን እኔ እችለዋለሁ። መቃብሩ የሚከፈተው ከጥምቀት በኋላ ነው ተብሏል።

ዘሙሩድ


ፈርደን፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሙሩድ፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጌታ ይባርክሽ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ነገሳ የእማዬን ጎን ዛሬውኑ ያስጠርጋል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መቃብሩ የሚከፈት ዕለት ነገሳን አትጥሪው፤ ልቡ ደካማ ነው፣ ድንጋጤ አይችልም። አንቺም ባትሄጂ ይሻላል። ምን ይሠራልሻል? ቆፋሪዎቹ አውጥተው ይጠቅልሉት፣ ነገሳ ከበሩ ላይ ይቀበላቸው። ያለፈውን ማየት ለማንም አይበጅም።

ኡርጂ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ኡርጂ፣

ተከፍቷል።

ከእማማ ዳርቱ ጎን የተጠረገው ቦታ ለጊዜው ባዶውን ይቆይ። አፅሙ በነጭ ተጠቅልሎ መቃብሩ አጠገብ ባለው የመስጊድ ክፍል በአደራ ተቀምጧል። ይውሰዱት ያልኩትን ቃል አላጠፍኩም፤ ግን ይዤዋለሁ። አሁን መጻፍ አልችልም።

ነገሳን ልብ ሕመም መቼ ጀመረው? ትናንት ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አይቼዋለሁ።

ዘሙሩድ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡርጂ፣

መልእክቶችዎ ሁሉ ደርሰውኛል። «ምን አየሽ?» ብለው ሲደጋግሙ መልስ የነሳሁዎት ንቄ አይደለም፤ ያየሁትን ለራሴ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አቅቶኝ ነው።

አትሂጂ ቢሉኝም ሄድኩ። ኢማድ «ከአጥሩ ጋ ቁሚ» አለኝ፤ እኔ ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ቆፋሪው ያሲር የሚባለው ነው፣ ያኔም እሱ ነበር። አፈሩን አውጥቶ የበሰበሰውን ሳንቃ እየለቀመ ወደ ላይ ሰጠ። ከዚያ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ኢማድ፣ ይሄን ሰው ያስተኛው ማን ነበር?»

«ምን ሆነ?»

«በጀርባው ነው ያለው።»

«አፈር ሲጫነው ተንሸራቶ ነዋ» አለ ኢማድ።

ያሲር እጁን ዘርግቶ አሳየን። እኛ ሟችን በቀኝ ጎኑ እናስተኛና ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ እናዞራለን፤ እንዳይገለበጥ ደግሞ ከጀርባው ድንጋይ እናስደግፋለን። የነጅመዲን ድንጋዮች ግን ከግራም ከቀኝም፣ ከሁለቱ ትከሻዎቹ ሥር ነበሩ። ሕፃን ከአልጋ እንዳይወድቅ በሁለት በኩል ትራስ እንደሚደረግለት። ተንሸራቶ አይደለም። ሰው አደላድሎ፣ ቀና አድርጎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ አስተኝቶታል።

ጃንጥላዬ ከእጄ መውደቁን ያወቅሁት ሰው አንስቶ ሲሰጠኝ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግለት፣ ሶላቴን ስሰግድ፣ እሱም እዚያ ሆኖ ፊቱን ወደዚያው እንዳዞረ እያሰብኩ እጽናና ነበር። ሁለታችን ወደ አንድ አቅጣጫ እያየን ነው እያልኩ።

ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ የወረደው ነገሳ ነው። ኢማድ «የእምነታችን ያልሆነ ሰው አይገባም» ሲል «ወንድሙ ነው፣ የመጨረሻ ክብሩን አትንፈጉት» ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ያሲር ከላይ ሆኖ እንዴት እንደሚያስተኛው ነግሮት ነበር። ሳንቃው ሲደረደር ማን ያይ ነበር? ሁሉም ዱዓ ላይ ነው።

በማግስቱ ነገሳን ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አገኘሁትና ፊት ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ገመዳን እንዴት ነው ያስተኛኸው?» አልኩት።

«የቱን ገመዳ?»

«ስንት ገመዳ ቀብረሃል?»

መሪውን መጥረግ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ሹፌር፣ ሽምግልናውን ማታ አድርጉት፣ ሥራ ረፈደብን» አለ፤ ሌላው «ተወው፣ ነዳጁን እየለመናት ይሆናል» አለው። ሰው ሳቀ። ነገሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«እትዬ ዘሙሩድ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት።»

«ያሲር በቀኝ ጎኑ ነበር ያለህ።»

«ያሲር አይደለም። እትዬ ኡርጂ ናት። ከመውረዴ በፊት ደወልኩላት። ‹በጀርባው አስተኛው፣ ጌታ ሲመጣ ቀና ብሎ ይየው› አለችኝ። ታላቄ ናት፣ ምን ልበላት?»

«መቼ ነው የደወልክላት?»

«የዚያኑ ዕለት ነዋ። ጉድጓዱ እየተቆፈረ።»

እትዬ ኡርጂ፣ ተሳፋሪው ሞልቶ መኪናው ሲነሳ እንኳ አልወረድኩም፤ መገናኛ ደርሼ ነው በእግሬ የተመለስኩት።

እንግዲህ መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ እርስዎ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ካፖርታቸውን እንደለበሱ የተደረደሩት ሰዎች ለሚያውቅ ሰው ነው መርዶ ያረዱት። እኔ በየዓመቱ ለዒድም ለገናም የይቅርታ ቃል ስልክልዎት፣ እርስዎ ተቀብለው «አልረሳውም» ሲሉኝ ኖረናል። እማማ ዳርቱን በሞት አልጋቸው ላይ እግራቸውን ይዤ ይቅርታ የለመንኩት ለዚሁ ነው። ያኔ እርስዎ ከሩቅ ምን ይሉ ነበር?

ጉብታው ውስጥ ለተገኘው ሳክሶን ማልቀስዎ አሁን ገባኝ። ክሪስታ መሐረቡን ባትሰጥዎት ይሻል ነበር፤ የጉንፋን አልነበረማ።

ዘሙሩድ


ፈርደን፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሙሩድ፣

ከእንግዲህ ምን እዋሻለሁ። ነገሳ የነገረሽ ልክ ነው።

ግን እንዴት እንደነበር ስሚ። ነገሳ ደወለልኝ፤ ከበስተኋላው የአካፋ ድምፅ ይሰማኛል። ወንድሜ መሞቱን የነገረኝ አካፋው ነው ማለት ይቀላል። «አሁን ልናስገባው ነው፣ ልሰናበትልሽ?» አለኝ። ለስንብት የሚሆን ቃል አላገኘሁም። ያገኘሁት ያንን ትእዛዝ ብቻ ነበር። አባታችንን እማዬ እንዴት እንዳስተኛችው አይቻለሁ፤ ልጇም እንደዚያው ይሁን አልኩ። በሕይወት ሳለ ስሙን፣ ቤቱን፣ በዓሉን ወሰዳችሁት። ሲሞት እንኳ አተኛኘቱ የእኛ ይሁን አልኩ።

ከዚያ የአንቺን ስልክ ጠበቅሁ። ቀንም ሌሊትም ከአጠገቤ አላራቅሁትም። በደወልሽልኝ ኖሮ «ሰምቻለሁ» እልሽ ነበር፤ ምናልባትም ያዘዝኩትን እነግርሽ ነበር። አልደወልሽም። መርዶ ነጋሪዎቹ ገና በሩን ሲያንኳኩ ጮህኩ፤ ጎረቤት ፖሊስ እስኪጠራ። ያ ለቅሶ የውሸት አልነበረም፤ ሳምንት ሙሉ ታፍኖ የከረመ ነው። ብቻዬን ማልቀስ አልችልም ነበር፣ ገና መርዶ አልተነገረኝማ! ከዚያ ወዲያ አንቺ ይቅርታ ስትጠይቂ እኔ ደግሞ ይቅርታሽን ላለመቀበል መቆጣት ነበረብኝ። ብታረቅሽ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ቁጣው ቀለለኝ።

አሁን በእጅሽ ነው። ኢማድ ምን እንደሚልሽ አውቃለሁ። አፅሙን ብትከለክዪኝ አልከስሽም፣ አፍም የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ እንደ ሚስቱ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው መልሽልኝ። «ጮክ በል» ተብሎ የገባ ሰው ከልቡ ይሰግዳል? ወንድሜ የእናንተ ሆኖ ነው የሞተው ወይስ እንደተማረከ?

ኡርጂ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡርጂ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዎን ይዤ ነው የሰነበትኩት። ከአገር ቤት ከሄዱ ብዙ ዓመት ስለሆነ የመጨረሻ ዘመኑን አላዩትም። እኔ ደግሞ አጠገቡ ሆኜ ሳየው መጋረጃው ይመጣብኝና አላየውም ነበር።

መጽሐፉን ከዘጋሁበት ከፍቼ ቀጠልኩ። ሻርለማኝ ሞተ። ከሞተ ከዓመታት በኋላ ከሳክሶኖቹ መሐል «ወደ ድሮው እንመለሳለን» ብለው የተነሡ ነበሩ። ሌሎቹ ግን የሚያስገድዳቸው ንጉሥ ሳይኖር በአዲሱ ቀሩ። ከዊዱኪንድ ዘር ማቲልዳ የምትባል ንግሥት ወጣች፤ ገዳማት የምትተክል፣ ድሆች የምታበላ። ልጇም ቄሳር ሆኖ ዘውድ ደፋ። አያቷ በሰይፍ ነው የገባው ብሎ ያቺን ሴት ከጸሎቷ ማን ያስነሳታል?

ነጅመዲን አጣና የሚጭን አይሱዙ ይነዳ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰገድክ አልሰገድክ የሚለው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠይቀውም፣ መብት ያለኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን አብሬው እንጦጦ ወጣሁ። ከማርያም ዝቅ ብሎ መኪናውን ወደ ዳር አቆመና ጃኬቱን ባሕር ዛፎቹ ሥር አንጥፎ አሱርን ሰገደ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ አዩት።

«ሹፌሩ፣ ለእኛም ለምንልን፣ ይሄን ዳገት ያጥፋልን» አለችው አንዷ።

ጨርሶ ተነሣና ጉልበቱን እያራገፈ «ዳገቱ ከጠፋ መኪናዬን ማን ይከራየኛል?» አላት።

ፊቱን ያን ቀን አይቼዋለሁ። የተማረከ ሰው ፊት አልነበረም።

ሌላም ልጨምርልዎት። እማማ ዳርቱ መራመድ ሲያቅታቸው በየእሑዱ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የሚዘምሩትም አብሮ አደጎቹ ናቸው። «ገመዳ፣ ግባ እንጂ» ይሉታል። «መኪናዬ ለብቻው ይፈራል» ይላቸዋል። እዚያው ጋቢና ውስጥ መዝሙሩን እየሰማ ይጠብቅና እናቱን ይዞ ይመለሳል። መውጣት ቢፈልግ ማንም አይይዘውም ነበር፤ መንገዱን በየሳምንቱ ይነዳው ነበር። አልወጣም። እናቱንም አልተወም። እኔ ገና በመጋረጃው ሳለቅስ፣ እርስዎ ገና በስሙ ሲያዝኑ፣ ሰውየው ኑሮውን አደላድሎ ነበር። ምርኮኛ ነው ብዬ ልሰጥዎት መነሣቴ አሁን ሲታየኝ እሱን እንደ መስደብ ነው።

ስለዚህ አልሰጥዎትም፣ እትዬ ኡርጂ።

ባለፈው እሑድ አዲሱ ቦታ አሳረፍነው። ነገሳን ጠርቼው ነበር። ኢማድ በሩ ላይ ሲያየው ደሙ ፈላ።

«ይሄ ሰው ዳግም እዚህ እግሩ አይደርስም።»

«ይወርዳል» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ አንድ ጊዜ መታለል አይበቃሽም?»

«ያኔ ሳልጠይቀው ነው ያመንኩት። አሁን ጠይቄዋለሁ።»

በእርግጥም መንገድ ላይ ጠይቄዋለሁ። «እንደ ደንቡ የምታስተኛው ከሆነ ውረድ፤ ካልሆነ ከላይ ቁም፣ አልቀየምህም» አልኩት። «እትዬ ኡርጂ ትረግመኛለች» አለኝ። «እሷን ለእኔ ተዋት» አልኩት። ከዚያ ብዙ ተራመድንና «እኔም ሲሰግድ አይቼዋለሁ፣ እትዬ» አለ።

ወረደ። ያሲር ጥቅሉን አቀበለው። ነገሳ እያንዳንዷን አጥንት በጨርቁ ውስጥ በመዳፉ እየዳበሰ አስተካከለ፤ ድንጋዮቹን በሙሉ ከጀርባው አደረገ፣ አንዱን እንኳ ከፊት አላስቀመጠም። ራሱ ላይ ሲደርስ ቆመና ቀና ብሎ ያየው እኔን እንጂ ያሲርን አልነበረም።

«እንዲህ ነው?»

«ትንሽ ወደ አንተ» አልኩት።

አዞረው። ሲወጣ እጁን ሰጥቶ የሳበው ኢማድ ነው።

ከእንግዲህ ስለ መርዶው ይቅርታ አልጠይቅዎትም። እርስዎም አይጠይቁኝ፤ ሁለታችንም በዚያ ሳምንት በየቤታችን ስልክ ታቅፈን ነው የከረምነው። የመጋረጃው ግን የእኔ ነው፣ ለእርስዎም ለማንም የማካፍለው አይደለም።

ለመምጣት ካሰቡ ከቦሌ እቀበልዎታለሁ፤ የሚያድሩትም እኔ ጋ ነው። መቃብሩ ሩቅ ስለሆነ ነገሳ ይነዳናል። እስከዚያው እንዲያውቁት፣ ከበሩ ሲገቡ በግራ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ቀኝ ጎኑን ተንተርሷል፣ ፊቱ ወደ መካ፣ ወደ ሰሜን ነው። እርስዎ ያሉትም በዚያው በኩል ነው።

ዘሙሩድ